ካርዴ ላይ የተጻፈው አባት

አንደኛ ክፍል የገባሁበትን ጠዋት ሳስታውስ ሁሉም ነገር ጭጋግ የለበሰ ይመስለኛል፤ ሐይቁም፣ የእናቴ ነጠላም፣ የትምህርት ቤቱ አጥርም። ሐይቁ ዳር ያለው ይህ ትምህርት ቤት ቀድሞ የሚሲዮን ነበር። እናቴ ፊደል የቆጠረችው እዚያ ነው። ደርግ ሲመጣ መንግሥት ወረሰው፣ ልጆችም በየቀበሌያቸው ተመደቡ። ለእኛ ቀበሌ የደረሰው ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፤ የእናቴ ልብ ግን ከሐይቁ ዳር አልተነሣም።

አክስቴ የምትኖረው በሐይቁ በኩል ባለው ቀበሌ ነው። እናቴ ከእሷ ጋር መከረችና የአክስቴ ባል ልጅ ተብዬ ከዚያ ቀበሌ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። መዝጋቢው ቀኝ እጄን በአናቴ ላይ አሳልፌ ግራ ጆሮዬን እንድነካ አዘዘኝ። ነካሁ፤ ለትምህርት ደርሳለች ተባለ። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ በአክስቴ ባል ስም ስጠራ "አቤት" ማለት ለመድኩ። ልጅ ምን የማይለምደው ነገር አለ?

አባቴ ይህን አያውቅም። በከተማችን ፒያሳ፣ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋል፤ ማንበብ ስለማይችል ምስጢሩ እንደማይወጣ እርግጠኞች ነበርን። የዘነጋነው እሱም በዚያው ዓመት ቀበሌ አዳራሽ መሠረተ ትምህርት መጀመሩን ነው። ሂድ ብላ የጎተጎተችው ደግሞ ራሷ እናቴ ናት። ማታ ማታ ፊደል ሲያጠና እስቅበት ነበር።

የመጀመሪያውን የውጤት ካርድ የተቀበልኩ ዕለት የአክስቴን ባል አስፈርሜ መመለስ ነበረብኝ። አባቴ ግን ቤታችን በር ላይ ጠበቀኝ።

"አምጪው፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማነበው" አለ።

በጣቱ እየተከተለ ስሜን አነበበና ፈገግ አለ። ቀጥሎ ያለውን ጀመረ፣ አቆመ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ተነሣ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ተቆጥቶ ሄዶ ቢናገር እንደምባረር አውቅ ነበር።

"ትምህርት ቤቱን ትወጂዋለሽ?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ከመስኮታችን ሐይቁ እንደሚታይ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃውና ሰማዩ እንደማይለዩም ነገርኩት። እስክሪብቶዬን ጠየቀኝ።

የወላጅ ፊርማ በሚለው ቦታ ላይ፣ ከላይ ያለውን እያየ፣ ፊደል በፊደል የአክስቴን ባል ስም ጻፈ። ያኔ የተሰማኝ እፎይታ ብቻ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል። አባቴ ከመማሪያ ደብተሩ ውጭ የጻፈው የመጀመሪያ ቃል የሌላ ሰው ስም ነው።