ከጋራዥ እስከ ሳሎን

አባቴ የሞተ ሰሞን ምንም አልተሰማኝም። አትላንታ ዳር፣ ሊቶኒያ ያለው ቤታችን በለቀስተኛ ሲሞላ እኔ ያሰብኩት የት እንደምቀመጥ ብቻ ነበር።

እዚህ አትላንታ ለቅሶ ቤት ወንዶቹ ጋራዥ ይገባሉ፣ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ሆነው ካርታ ይጫወታሉ። ሴቶቹ ሳሎን፣ ሀዘንተኛዋ የተቀመጠችበትን ፍራሽ ይከባሉ። ማንም አያዝም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። እኔ ወንድም ሴትም አይደለሁም። ይህን ለወላጆቼ የነገርኳቸው ጊዜ አባቴ "እሺ" ብሎ ስለ መኪናዬ ዘይት ጠየቀኝ፤ እናቴ ፊቷን አዞረች። ስለዚህ የሰው ለቅሶ ስሄድ ቀጥታ ኩሽና ገብቼ ሳህን አጥባለሁ። ሳህን የሚያጥብን ሰው ቁጭ በል የሚለው የለም።

ሥራዬ ልብ ወለድ መጻፍ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፌን በአማርኛ የጻፍኩት እናቴ እንድታነበው ነው። ለቅሶ ቤት ደረጃ ላይ ስለሚቀመጥ ሰው ነው፤ ማለትም ስለ እኔ። መጽሐፉ ውስጥ እናትየው ከሳሎን አይታው ፊቷን ታዞራለች። የእኔዋ እናት መጽሐፉን ቴሌቪዥኑ ስር አኖረችው። ታንብበው አታንብበው አላውቅም፣ ለመጠየቅም ፈርቻለሁ።

በአባቴ ለቅሶ ግን ሳህኑን ቀሙኝ። "ልጄ፣ ይሄ የእድሩ ሥራ ነው" አሉኝ አንዲት እናት። አጎቴ ከጋራዡ በር "እዚህ ስፔስ አለ" አለኝ። አክስቴ ከሳሎን ፍራሹን መታ መታ አደረገችልኝ። ሁለቱም በደግነት ነው። ሄጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሰው "ሶሪ" እያለ በጎኔ ያልፋል። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" የሚባለው ሳሎን ነው። አባት የሞተብኝ አልመስልም ነበር፤ ለራሴም አልመሰለኝም።

እናቴ ከሳሎን አየችኝ። ፊቷን እስክታዞር ጠበቅኩ። ተነሳች። ሴቶቹ ሀዘንተኛ አይነሳም ብለው ሊያስቀምጧት ሞከሩ።

"ፍራሹን ደረጃው ስር አምጡልኝ" አለች።

"ኮሪደሩን ብሎክ ያደርጋል እኮ" አለች አክስቴ። "ሰው በየት ይለፍ?"

"በጓሮ ይዙር።"

ፍራሹ ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ ጠርዙ ተጣጥፎ ተነጠፈ። እናቴ እጄን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከጋራዥ የመጣውም ከሳሎን የወጣውም እፊታችን ጎንበስ እያለ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለን።

ሰው ጋብ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"የመጽሐፉ እናት ለምንድነው ያልተነሳችው?"

አባቴ ከሞተ ወዲህ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

"እንደምትነሳ አላውቅም ነበር" አልኳት።