ለአያቴ የሳልኩት ሳል

አያቴን ፈስ ያስቸግራቸው ነበር። ቃሉን ጽፌ ሳየው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ለስለስ አድርጌ «ሆድ ይነፋቸው ነበር» ብል ግን ዋሸሁ ማለት ነው። የሆድ መነፋቱ አልነበረም የሚያስፈራን፤ ድምፁ ነበር።

ጊዜው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያን ጊዜ አዳማ ማለት የባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት ሱቆችና ብዙ አቧራ ነበረች። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየች፤ አባቴ ለሥራ ብሎ ድሬዳዋ እንደ ወረደ ቀረ። ከጣቢያው ራቅ ብሎ በእርሻው ዳር ባለች ጎጆ ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው ከቤት የሚወጡት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው ነው። በሰባት ዓመቴ ዓይናቸው ሆንኩ። ብዙም ሳይቆይ ሳላቸውም ሆንኩ።

ለዛሬ ልጆች ነገሩ ቀልድ ይመስላቸዋል። በእኛ አገር ግን ሰው ፊት አምልጦት አፍሮ አገር ጥሎ የጠፋ ሰው አለ እየተባለ ይወራ ነበር። አንዴ ስም ከወጣልህ ለልጅ ልጅህም ይተርፋል። አያቴ ደግሞ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ የድንበር ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሌ ነበሩ። ጤና አዳም ጨምቀን አጠጣናቸው፤ ነጭ ሽንኩርት አኘኩ፤ ጠበልም ሞከሩ። አልቆመም። አንዳንዴ ቤት ውስጥ ያመልጣቸውና ቀድመው «ምንድነው የሚሸተው? ይሄን በር ክፈቺ እንጂ!» ብለው እኔን ይቆጡኛል። የፈሲታ ተቆጢታ የሚባለውን ተረት የሰማሁት በኋላ ነው፤ ትርጉሙን ግን አስቀድሜ አውቀው ነበር።

በመጨረሻ ዘዴውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ሊመጣባቸው ሲል ትከሻዬን ጨበጥ ያደርጋሉ፤ እኔ እስላለሁ። ልምምዱን ከጓሮ አደረግነው። «ከሆድሽ አውጥተሽ ሳይ፤ ይሄ የድመት ሳል ነው» ይሉኛል። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና፣

«‹አባባ ይሙቱ፣ ለማንም አልናገርም› በይ» አሉኝ።

«አባባ ይሙቱ፣ ለማንም አልናገርም» አልኩ።

ሰው በቀን አሥር ጊዜ በሰው ሞት ይምላል፤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔ ግን ቃሉን እንደ ወረደ ያዝኩት። ከተናገርኩ ይሞታሉ። ከእሳቸው ሌላ ደግሞ ማንም አልነበረኝም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በየለቅሶው፣ በየተዝካሩ ሳልኩ። ሰው «ልጅቷን ሳምባ ይዟታል» ብሎ ልጆቹን ከእኔ አራቀ። ያ እንኳ አላስከፋኝም። የሚያስፈራኝ አንድ ቀን ሳሉ እምቢ ያለኝ እንደሆነ ነበር።

በአንድ ሁዳዴ የጭቃ ሹሙ በቅሎ ተሰረቀች፤ ጭቃ ሹሙም አውጫጭኝ አስጠሩ። አውጫጭኝ ማለት የአካባቢው ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ እንዲቀመጥ የሚደረግበት ነው። እያንዳንዱ ተነሥቶ አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎ ይምላል። የሚጠቁም ካለ «ወፍ» ይባላል፤ ስሙ አይነገርም፤ በሹክሹክታም ሆነ በምልክት ያመለክታል።

አያቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። ማታ የበሉት የሽምብራ ንፍሮ ነው። «ታሟል በያቸው» አሉኝ።

«የቀረ ሰርቋል ነው የሚባለው፣ አባባ።»

በዳበሳ ነጠላቸውን ፈለጉ።

ከትልቁ ግራር ሥር ዙሪያውን እሾህ አጥረው ሰውን አስገቡ። የአያቴ መሪ በመሆኔ እኔንም አስገቡኝ። የአዳማ ነፋስ ባለውለታችን ነበር፤ ሁልጊዜ ነፋሱ ሽታውን ወደ ሰው በማይመልስበት ወገን እንቀመጣለን። ያን ዕለት ግን ቅጠል አልነቃነቅ አለ። ከጣቢያው ባቡር ሲነፋ ሰማሁና የሚያመልጣቸው ከሆነ ድምፁ ሳይሰማ አሁን በሆነ ብዬ ተመኘሁ። የአያቴ እጅ ግን አልጨበጠኝም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሰውም መማል ሰልችቶት ዝም ዝም ብሎ ነበር።

ተራው የጎረቤታችን ሆነ። የአርሲ ሰው ነው፤ ያለንን አንድ በሬ ከእሱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ማሳችንን የሚያርስልን እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከአጥር ማዶ «አካም ቡልተን፣ አባ!» ሳይል አይውልም። ተነሣና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ወላሂ፣ በቅሎዋን አላየሁም፤ የሰረቃትንም አላውቅም።»

በዚያች ቅጽበት ትከሻዬ ተጨበጠ። ሳልኩ። እንደተማርኩት ከሆዴ አውጥቼ፣ ረዥም አድርጌ ሳልኩ።

ጭቃ ሹሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ወፏ ጮኸች!» አሉ።

መጀመሪያ ስለ እኔ እንደሆነ አልገባኝም። አንድ ሰው ክንዴን ይዞ ወደ መሐል ሲጎትተኝ ነው የገባኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጅ አይዋሽም» አሉ ጭቃ ሹሙ። «እሱ ሲምል ለምን ሳልሽ? ምን አየሽ?»

ብናገር አያቴ ይሞታሉ። ባልናገር ይሄ ሰው ይታሰራል። ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«ተናገሪ፣ ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ያየሽው ካለ ተናገሪ። እኔ ምን አደርግሻለሁ?»

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። «አያችሁ፣ ፈርታው ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ሁሉም አጉረመረመ። ጠፍር መጣ። ጎረቤታችን አልታገለም፤ እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት «በሬዎቹን ማን ውኃ ያጠጣቸዋል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ነገ ወደ ገዢው ግቢ ይወሰዳል ተባለ። እኔ ከዚያ ግቢ ገብቶ የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር። አንድ ሙቅ ነገር በእግሬ ወረደ።

«ሸናች!» አለ አንድ ሰው፤ ሌላው ሳቀ።

«ማናት?» የአያቴ ድምፅ ነው። «ማናት የሸናችው?»

«የእርስዎ ልጅ ናት፣ አባቴ። ፈርታ ነው።»

አያቴ ተነሡ። የሚይዙት ትከሻ ስላልነበረ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንድ ነገር ተናገሩ፤ ማንም አልሰማቸውም።

«ምን አሉ፣ አባቴ?» አሉ አጠገባቸው የነበሩት ቄስ።

«ፈስቼ ነው እላለሁ!» አሉ አያቴ ጮክ ብለው። «እኔ ፈስቼ ነው! ልጅቷ የሳለችው እሱን ልትሸፍንልኝ ነው። ሁለት ዓመት በየለቅሶው የሳለችውም ለዚሁ ነው። ሳምባ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ይሄ ሰው ምንም አላደረገም።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ምሥጢሩ ወጥቷል፤ አሁን ይወድቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም፤ በኋላ የጣሊያን አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ እንኳ።

ጭቃ ሹሙ «በሸንጎ መሐል ቀልድ ነው?» ብለው ጮኹ። ቄሱ ግን ቀስ ብለው መለሱ።

«ሰው ለመክበር ሲዋሽ ስንቱን አይቻለሁ። ለመዋረድ የሚዋሽ ግን አላየሁም። ፍቱት።»

ጠፍሩ ሲፈታ ሳቁ ጀመረ። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። የሞተ ዘመዳቸውን ለቅሶ እያስታወሱ «ለካ ያኔም!» ይባባላሉ። አያቴ ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው ጠበቁት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለውን አዘውትረው የሚናገሩት እሳቸው ነበሩ። ያን ዕለት ያን ስማቸውን በገዛ አፋቸው አሳልፈው ሰጡት።

በቅሎዋ ሳትገኝ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሰው ተለቀቀ። ጎረቤታችን የእጁን አንጓ እያሸ ከጎናችን ይሄዳል፤ እኔ መሐል ነኝ፣ ቀሚሴ ገና አልደረቀም። ከኋላችን የሚከተለው ሰው ሳቁን አላቆመም። እኔ እያለቀስኩ የአያቴን እግር ብቻ አያለሁ። እያንዳንዷ እርምጃ የመጨረሻቸው መሰለችኝ።

ከቤታችን በታች ካለው ወንዝ መሻገሪያ ስንደርስ ትከሻዬ ተጨበጠ።

አፌን ከፈትኩ። ጉሮሮዬ ከልቅሶው ብዛት ደርቆ ነበር፤ ሳሉ እምቢ አለኝ። ያ ሁልጊዜ የምፈራው ነገር መጣ።

ጎረቤታችን ሳለ። የሳለው አሳሳል ደግሞ በሬ የሚነዳ ነው የሚመስለው፤ ከኋላችን ያሉት ሁሉ ዝም አሉ።

አያቴ ቆም ብለው «ጉንፋን ያዘህ እንዴ?» አሉት።

«ኤዬ፣ አባ። ክፉኛ ይዞኛል» አላቸው።

እጃቸው ትከሻዬ ላይ ላላ። አንገቴን አዘንብዬ ጉንጬን አስነካሁት። ሞቃት ነበር። አልሞቱም።