የዶሮ ቤቱ ስልክ

ጥገና ክፍሉ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ለሁሉም ጋሽ ሞገድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ፣ ኩርፊያው የማይበርድለት ሰው። የሚሠራበትን ክፍል ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በሩን ሳይቀር የውጭ ሞገድ ሥራውን እንዳይረብሽበት በመዳብ ወንፊት የሸፈነው በገዛ እጁ ነው። ባልደረቦቹ "የዶሮ ቤት" ይሉታል።

ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ያንኑ ይደግማል። "የሬዲዮ ሞገድ ኤሌክትሪኩ ማግኔቱን፣ ማግኔቱ ኤሌክትሪኩን እየቀሰቀሰ ይጓዛል፤ ሽቦ አይፈልግ፣ አየር አይፈልግ። መዳቡን ሲነካ ግን እዚያ ያሉት ኤሌክትሮኖች ይንቀሳቀሱና የራሳቸውን መስክ ፈጥረው የመጣውን ያጠፉታል። ቀዳዳው ከሞገዱ ርዝመት በጣም እስካነሰ ድረስ፣ ወይ ፍንክች።" ስለዚህ እዚያ ውስጥ ስልክ አይጠራም፤ የሚቀመጠው ከበሩ ውጪ፣ መደርደሪያው ላይ ነው። የረሳ ሰው ስድቡን ሲጠጣ ይሰነብታል።

ከታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። አባታቸው የተቀበሩ ቀን ወንድምየው በሰው ፊት፣ "አባባ ሲያጣጥር አንተ ሬዲዮ ትፈታ ነበር" አለው። ቃሉ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ፤ እውነት መሆኑ ደግሞ አባሰው። ጋሽ ሞገድም፣ "እሱ ራሱ ይደውል" ብሎ ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት የወንድሙ ሚስት ደወለች። "ነገ ጠዋት ለልቡ ኦፕራሲዮን ይገባል። ከመግባቴ በፊት እደውልለታለሁ ብሏል።"

"ይደውላ፣ ማን ከለከለው" አለ።

በማግስቱ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ስልኩን ማስቀመጥ አላስቻለው። ቢያመልጠኝስ ብሎ ደረት ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተው፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻው ከፈተው። የዶሮ ቤቱን በር ከኋላው ዘግቶ ሦስት ሰዓት ሠራ። እጁ በየመሐሉ ኪሱን ይዳብሳል። አልደወለም፤ ድሮም ልቡ ድንጋይ ነው እያለ ተማረረ።

ሊወጣ በሩን ሲከፍት ስልኩ ደረቱ ላይ ይንጫጫ ጀመር። ያመለጡት ጥሪዎች መልእክት ነው፤ ወንድሙ ዘጠኝ ጊዜ ደውሎ ነበር።

ሆስፒታሉ ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቋል፤ ወንድሙ ከኦፕራሲዮኑ አልተነሣም። የወንድሙ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ አታለቅስም።

"አልጋውን እየገፉት እንኳ ይሞክር ነበር" አለችው። "ዘጋህበት አይደል?"

"ክፍት ነበር።"

"ይሁን እንግዲህ።"

ስለ መዳቡና ስለ ሞገዱ ሊነግራት አፉን ከፈተ። ሠላሳ ዓመት ያስረዳው ነገር ነው። ከዚያ ግን ያን ያህል ዘመን ያስረዳውን ረሳሁት ቢል፣ እንኳን እሷ፣ እሱ ራሱም እንደማያምነው ገባው።