የፈርዖን ጎረቤቶችና የእናቴ መቃብር

አሶሳ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። የግብፅን ፒራሚድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በከተማው የለም፤ ግብፅን ያየሁት በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ብቻ መሆኑ እውቀቴን ቅንጣት አልቀነሰውም። ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን እስላለሁ፤ ዙሪያውን ትንንሽ አራት ማዕዘኖች እደረድራለሁ። "ይሄ ንጉሡ፤ እነዚህ ሚስቶቹ፤ እዚያ ማዶ ሹማምንቱ።" ሹማምንቱ ሞተው እንኳ ከአለቃቸው ቢሮ መራቅ አልፈለጉም ስል ተማሪው ይስቃል። ቀልዱን በየዓመቱ እደግመዋለሁ።

ይህ ሁሉ እውቀት ለአባቴ አልፈየደለትም። ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ነበር፤ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲሞት ከእናቴ ጎን መቀበር። እናቴ ከመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዳር፣ አፈር ቆልለን የእንጨት መስቀል ከተከልንበት ቦታ አርፋለች። ክረምት በመጣ ቁጥር "ሲሚንቶ አስደርግላት እንጂ ልጄ፤ ቦታዋ ይጠፋል" ይለኝ ነበር።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ።

"አባዬ፣ ፈርዖን ያን ሁሉ ድንጋይ ቆልሎ ምን ተረፈው? ሌባ ገብቶ ዘረፈው።"

"እናትህ ምን አላትና ነው ሌባ የሚገባባት?"

እኔም ስለ ንጉሡ ሚስቶች መቃብር ማብራራቴን ቀጠልኩ።

እኛ ዘንድ በጋ ሲገባ ሳር ይቃጠላል፤ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋልና ካልተቃጠለ መሄጃ አይኖርም። አንድ በጋ እሳቱ ወደ መቃብሩ ተሻግሮ መስቀሎቹን ሁሉ በላቸው። ሄጄ ምልክት ላደርግ አሰብኩ። መጀመሪያ ግን የፈተና ወረቀት ማረም ነበረብኝ፤ ከዚያ ስብሰባ መጣ፤ ከዚያ ክረምቱ ገባ። ዝናቡ አፈሩን ደለደለው፤ ሳሩም እንደገና በቀለ።

አባቴ ሕመሙ ሲጠናበት "ውሰደኝና አሳየኝ" አለ። በባጃጅ ወሰድኩት። ዓይኑ ደክሟል፤ ደግፌው ሳሩ ዳር ቆምን። ሳሩ ውስጥ ከቀሩት ዝቅ ያሉ ጉብታዎች የትኛው የእሷ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጣቴን ቀስሬ፣ በአስተማሪ ድምፅ "ይሄ ነው" አልኩት።

"እግዜር ይስጥህ" አለኝ። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ብዙ አልቆየም። ካሳየሁት ጉብታ ጎን ቀበርነው። አሁን ሁለቱም መቃብሮች ሲሚንቶ ተደርጎባቸዋል፤ የመንደሩ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን ይላል። በአንዱ ውስጥ አባቴ አለ። በሌላው ላይ የእናቴን ስም አጽፌያለሁ፤ ማን እንዳለበት ግን አላውቅም።