የሁለተኛው እንስራ ማር

ባለፈው ሳምንት ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ጀማል፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራው ልጅ፣ በረንዳው ላይ ያኖራትን የእንጨት ሣጥን ሊያሳየኝ ጠራኝ። ጣዝማ እያረባ ነው። ጣዝማ ከዝንብ የምታንስ፣ የማትናደፍ፣ ዱር ሲሆን መሬት ውስጥ የምትኖር ንብ ናት። ማሯ ቀጠን ያለና ኮምጠጥ የሚል ነው፤ ለሳል መድኃኒት ነው ይባላል። ጀማል እንደ ድሬ ልጅ ትልቅ ትንሽ ሳይለይ፣ «ማዘር፣ ቅመሺ እንጂ» ብሎ በማንኪያ ሰጠኝ። ቀመስኩና ቤቴ ወርጄ፣ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜ ማር ቀምሶ ማልቀስ ያስቃል፤ ግን እንዲያ ሆነ።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ባቡር ጋራዥ ይሠራ ነበር። አንድ ጊዜ ከድሬ ወጣ ብሎ ቢዮ አዋሌ የሚኖር ወዳጁ ጣዝማ ከነእጩ ቆፍሮ አመጣለት። ሌላ ሰው ቢሆን ማሩን በልቶ ጎጆውን ይበትነው ነበር። ደረጀ ግን ላርባው አለ። እንስራ ውስጥ አስገብቶ፣ የድሬ ሙቀት ሰሙን እንዳያቀልጥበት ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር እስከ አንገቱ ቀበረው፤ አፉን በጭቃ መርጎ ቀጭን ሸምበቆ በር አደረገላቸው። እሑድ ጠዋት ፉል በዳቦ እየበላን ሲወጡ ሲገቡ እናያለን። «አቦ፣ እነዚህ ከኛ ጋራዥ ሰው ይሻላሉ፤ አለቃ ሳይጮህባቸው ይሠራሉ» ይለኝ ነበር።

ሲበዙ ለሁለት ከፈላቸው። ግማሹን እጭ፣ አዲስ አውራ የምትወጣበትን ጨምሮ፣ ወደ ሁለተኛ እንስራ አዛወረ፤ ለመነሻ ቀለብ ትንሽ ማር አኖረላቸውና መረገው። ልጅ የዳረ ያህል ደስ ብሎት ዋለ።

እኛ ሰፈር ግን መድኃኒት ያለው ሰው እምቢ አይልም። የማንም ልጅ ካሳለው፣ ብርጭቆ ይዞ የሚመጣው ወደኛ ነው። ደረጀ ደግሞ ሆዱ አይችልም። እየቀዳ ሲሰጥ የመጀመሪያው እንስራ በበጋው ተሟጠጠና ጣዝሞቹ አለቁ። ከዚያ እሱ ራሱ ማሳል ጀመረ።

ሐኪም ቤት የሰጡትን ይውጣል፤ እየከሳ ግን ሄደ። እናታችን ዓይኗ ሁለተኛው እንስራ ላይ ነው።

«አዲሱን እንዳትነኪው፣ እማዬ» አላት። «ያለችው የራሳቸው ቀለብ ናት። ዝናብ ይጣልና አበባ ይውጣ።»

አንድ ጠዋት ደግፌው ሐኪም ቤት ደርሰን ስንመለስ፣ እማዬ ትንሽ ሲኒ ይዛ በር ላይ ቆማለች። ከዛፉ ሥር የእንስራው ምርጊት ተሰብሯል፤ እጩን ጉንዳን ወሮታል። ደረጀም አየ።

«ከቀፊራ ገበያ ገዛሁልህ» አለችው። ጥፍሯ ሥር ጭቃ ነበረ።

ሲኒውን ተቀብሎ ጠጣ። «ይጣፍጣል፣ እማዬ። ካለ ጨምሪልኝ» አላት። እማዬ ፊቷ በርቶ ልትጨምርለት ገባች። እኔ ከጓሮ ዞሬ ግድግዳው ሥር ቁጭ አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያመመኝ ግን የለም።

«ማወቄን እንዳትነግሪያት» አለኝ ማታ። ዝናቡ ሳይጥል ሞተ።

እማዬ እስክትሞት ድረስ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «ያንን እንስራ ቶሎ ከፍቼው ቢሆን ይተርፍልኝ ነበር?» ትለኛለች። አይተርፍም ነበር እላታለሁ። አላመነችኝም።

ትናንት ጀማል ደረጃው ላይ አገኘኝ። ሣጥኑን ለሁለት ሊከፍል ነው፤ አዲሱን ላንቺ ልስጥሽ አለኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩት። ልጆች አሉኝ፣ የልጅ ልጆችም። አንዱ ቢያስለው፣ ዝናቡን እንደማልጠብቅ አውቃለሁ።