ጋዲሴና የደባልቄ ዓሣ

ጋዲሴ ከባምባሲ መጥታ አሶሳ ገበያ ዓሣ መሸጥ ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው። መደቧ ከእኔ የሎሚ መደብ ጎን ነውና አውቃታለሁ፤ የሰነበተ ዓሣ ለሰው ከምትሸጥ ለውሻ ትጥላለች።

ይህችን ሴት ነው ምግብ ቤት ያለው ደባልቄ ስሟን ያጠፋው። ደንበኞቹን ሆዳቸውን ቢያማቸው ገበያ መሃል ቆሞ «የመረዛቸው የጋዲሴ ዓሣ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቀጣፊ! ከእሷ መግዛት ካቆመ ወር አልፎታል። ሰው ግን አመነው፤ መደቧን እየዞረ ያልፍ ጀመር። ሽማግሌ ብትልክበት ሳቀ።

«ለእግዜር ስጪው» አልኳት።

«እግዜር ሥራ ይበዛበታል» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባትም፤ ሰዎቹን ያሳመመው ደባልቄ ራሱ ያሰነበተው ዓሣ ከሆነ እንዴት አይሸትም? ደባልቄ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ቅርጫት ሎሚ እንደሚገዛኝ ስነግራት፣ ደንበኛዋን የኬሚስትሪ መምህርቷን ሰሎሜን ጠየቀቻት።

«የሚከረፋው ትራይሜቲላሚን ይባላል» አለቻት ሰሎሜ። «አንድ ናይትሮጂን ሦስት ሜቲል ተሸክሞ ማለት ነው። ከዓሣው ተነስቶ አፍንጫ ይገባል። ሎሚ ሲነካው ጨው ሆኖ እዚያው ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም።»

«የሚያስነሳውስ ምንድን ነው?»

«የሎሚ ተቃራኒ። ወፍራም የአመድ ውሃም ይበቃል።»

ጋዲሴ ከዚህ በላይ ትምህርት አልፈለገችም።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ወደ ደባልቄ ምግብ ቤት ስትሄድ መደቤን ዘግቼ ተከተልኳት። ቤቱ ሞልቷል። እዚያ ቤት የሚጠበሰውን ዓሣ ደንበኛው ራሱ ከሳፋ ይመርጣል።

«ልትበዪ መጣሽ?» አለ ደባልቄ እየሳቀ።

«ልመርጥ» አለችና የያዘችውን የአመድ ውሃ ግማሹን ሳፋው ላይ ደፋችው።

ሽታው ደቂቃ አልፈጀበትም። የበላውም ያልበላውም አፍንጫውን ይዞ ተነሳ። ባጃጅ የሚነዳው ሐመድ የጎረሰውን ተፍቶ የደባልቄን ኮሌታ ጨመደደ። «ይሄን ነው ስታበላን የከረምከው?»

«ጋዲስዬ፣ በፈጠረሽ!» አለ ደባልቄ።

«ሰው ያሳመመው የማን ዓሣ ነበር?»

«የ... የሌላ ሰው...»

«አልተሰማም!»

«የጋዲሴ አይደለም! ዋሽቼ ነው! ይቅር በይኝ!»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ክንዷን ይዤ «በቃ፣ ስምሽ ተመልሷል፤ እንሂድ» አልኳት።

«የእኔማ ተመለሰ» አለች፤ «የእሱ ገና መች ጠፋ?»

የቀረውን የአመድ ውሃ ይዛ ፍሪጁ ወዳለበት ጓዳ ገባች።