መጀመሪያ ማን ተኮሰ

ወንድሜ የዓይኑን ሞራ ሊያስገፍፍ ከደጋ ወርዶ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ካለው ቤቴ ያረፈ ጊዜ፣ ልብ ወለዴን ለመጨረስ ጥቂት ምዕራፎች ቀርተውኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ ታይፒስት ስለነበርኩ የሰው ጽሑፍ ስመታ ነው የኖርኩት፤ ጡረታ ስወጣ የራሴን ልሞክር አልኩ። ታሪኩ ከዳባት ወዲያ፣ በተወለድንበት አገር የሚሆን ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ቤተ ዘመዶች በግጦሽ መሬት ተጣልተው የሚታኮሱበት ምዕራፍ አለ።

ወንድሜ አንድ ዓይኑ ታሽጎ፣ በሌላውም ብዙ እንዳያይ ተመክሮ በረንዳ ላይ ይውላል። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ያልለመደበት ሰው ስለሆነ ሰለቸው።

«እታለም፣ እስቲ ያንን የምትጽፊውን አንብቢልኝ» አለኝ።

ይወደዋል ብዬ የተኩሱን ምዕራፍ መረጥኩለት። ጎበዞቹ ከዚህና ከዚያ እየፎከሩ ይወጣሉ፤ ይተኮሳል፤ የተተኮሰበት ሁሉ ይወድቃል፤ የወደቀውም ሳይሞት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ወንድሜ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሳቀ።

«ይሄ ሰርግ ነው።»

«እንዴት ሰርግ ይሆናል አያ?»

«ሁሉም ይፎክራል፣ ሁሉም ይተኩሳል፣ ጥይቱ እንደ ቆሎ ይበተናል። የቀረችሽ ሙሽራዋ ናት።»

ቅር አለኝ፤ ግን እውነቱን ነው። ተኩስ እየሰማሁ ባድግም የማውቀው ተኩስ የደስታና የለቅሶ ብቻ ነበር። የሙሽራው አጃቢዎች ከኮረብታው አናት ሲደርሱ መምጣታቸውን በተኩስ ያስታውቃሉ፤ ከእኛም ደጅ መልስ ይሄዳል። እኛ ልጆች ከተኳሾቹ እግር ሥር የተተኮሰውን ጥይት ቀለህ ተሻምተን እንለቅማለን፤ ስለሚፋጅ ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያገላበጥን እንሮጣለን። አፉን ከከንፈራችን አስጠግተን ስንነፋው ያፏጫል። እናቴ አንዱን አጥባ የኩል ማስቀመጫ አድርጋው ነበር፤ በተኳለች ቁጥር «ዓይኔ ባሩድ ባሩድ ይላል» እያለች ትስቃለች። የአባቴ ምንሽር ምሰሶው ላይ ይሰቀላል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አውርዶ፣ በዘይት በራሰ ጨርቅ ሲወለውለው አጠገቡ እቀመጥ ነበር። ቃታውን ሲስበው የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። የቤታችን ድምፅ ነበር የሚመስለኝ።

አሁን አሁን ከተማው ውስጥም ተኩስ እንሰማለን። የሠፈሩ ሰው ከየት በኩል እንደሆነ፣ ቀላል ይሁን ከባድ መሣሪያ ለይቶ ይናገራል። እኔ በርና መስኮት ዘግቼ ከመቀመጥ በቀር የተማርኩት የለም።

ወንድሜ ግን ከተኩስ መሃል ገብቶ ያውቃል። እኔ ጎንደር አክስቴ ቤት ሆኜ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ የእኛ ቤተ ዘመድና ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች በግጦሽ መሬት ተታኮሱ። ከማዶ አንድ ሰው ሞተ። ለእረፍት አገር ቤት ስገባ ሁሉም አልቆ፣ ሽማግሌ ገብቶ ታርቀው ነበር። ስለዚያ ቀን ወንድሜ ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። ያን ሰሞን ግን፣ በረንዳው ላይ፣ የጻፍኩትን ሊያርምልኝ ሲል ተናገረ።

«ስንት ሰው አየህ?» አልኩት።

«ማንን አያለሁ? ድንጋይ ነው ያየሁት። ቀና ካልኩ መመታቴ ነው። ያንን ድንጋይ ዛሬ ብታመጪልኝ ከሌላ ድንጋይ መሃል እለየዋለሁ። ጉንዳን ሲወጣበትና ሲወርድበት ነበር።»

«ጥይት ሲመጣስ ምን ይላል?»

«ያፏጫል። ፉጨቱን ከሰማሽው አልፎሻል፤ ከዚያ በኋላ መፍራት ትርፍ ነው።»

«አንተ አልፈራህም?»

«ትርፉንም ዋናውንም ፈራሁ።»

ጥይት እንደ ዘር እህል የሚቆጠብ ነበርና አንድ ሰው ተኩሶ ብዙ ይቆያል አለኝ። ከተኩሱ ዝምታው ይረዝማል። አፍ ይደርቃል። ሰደፉ የመታው ትከሻ ያብጣል። ገደሉ ድምፁን ስለሚመልሰው ከፊት የተተኮሰው ከኋላ የመጣ ይመስላል፤ አንድ የእኛ ሰው ዞሮ ባዶ ዳገት ላይ ሲያነጣጥር እንደነበር እየሳቀ ነገረኝ። በዝምታው መሃል ከማዶ አንዱ ሲያስል ሳሉን ያውቁታል፤ «እሱ ዛሬም አልተሻለውም» ይባባላሉ። ከማዶ አንድ ድምፅ «ውሃ ይዛችኋል?» ብሎ ተጣራ፤ ከእኛ በኩል «ለእናንተ የሚተርፍ የለንም» ተባለለት። ከሁሉ የገረመኝ ግን የላሟ ነገር ነው። እረኛ ጥሏት የሸሸ ላም በሁለቱ መሃል እየጋጠች መጣች። የማን ላም እንደሆነች ከሁለቱም በኩል የለየ ስላልነበረ፣ እስክታልፍ ድረስ ማንም አልተኮሰም። እሷ ደግሞ ሣሩ ጥሟት ቆየች።

ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ፉከራው ወጣ፤ ሳሉ፣ ውሃውና ላሟ ገቡ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ። ተኩሱ ድንገት ስለሚጀምር የጀመረው ሰው መታወቅ ነበረበት።

«አያ፣ መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው?»

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ። «ያንን እለፊው።»

«ካለፍኩት ምዕራፉ በምን ይጀምራል?»

«እሱ የአንቺ ሥራ ነው። እኔ ግዝት አለብኝ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ለካ በእርቁ ቀን ጠመንጃዎቹ አፈሙዛቸው ወደ መሬት ተደፍቶ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲቀመጡ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ማን ቀድሞ እንደተኮሰ የሚያነሳውን ሁሉ ገዝተው ኖሯል። ያ ነገር ካልተዘጋ ደሙ አይደርቅም ብለው ነው።

«ግዝቱ ጠያቂውንም ይይዛል» አለኝ ወንድሜ። «አንቺ ስላልነበርሽ ነው ዝም የምልሽ።»

«እንግዲህ ልብ ወለድ ነው፤ አንዱን ወገን ዝም ብዬ ቀድሞ ተኳሽ ላድርገው። አገሩንም የሰዉንም ስም ቀይሬዋለሁ።»

«ላሟን አስገብተሻታል?»

«አስገብቻታለሁ።»

«እንግዲያ የማያውቀው ማን ነው?»

በዚያ እርቅ ታናሽ እህታችን ለሟቹ ወንድም ተድራለች። ያን ጊዜ ፈቃዷን የጠየቃት አልነበረም። ወልዳ ከብዳ፣ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች። የእሷ ልጆችና የወንድሜ ልጆች ድንበር ተጋርተው ያርሳሉ፤ በደቦ ይረዳዳሉ፤ በሁለቱም ቤት ዛሬ ክላሽ አለ። እነሱ ደግሞ ያነባሉ። እኔ በወረቀት ላይ አንዱን ወገን ቀድሞ ተኳሽ ባደርግ፣ ልብ ወለድ ነው ብሎ የሚያልፈው አይኖርም፤ እህትየው ከወንድሟ ሰምታ ጻፈችው ነው የሚባለው። ያኔ እህቴ ከልጆቿና ከወንድሟ ልጆች መሃል ልትቆም ነው።

ላሟን ላውጣት ብዬ ሞከርኩ። ያለ እሷ ምዕራፉ ወደ ሰርግነቱ ተመለሰ። ጠቡን በክርክር፣ በገበያ፣ በዝናብ ጀምሬም ሞከርኩ። የትም ብጀምረው መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ቃታ መሳብ አለበት፤ እጁም የማን እንደሆነ ይታያል። ምዕራፉን ከነጭራሹ ልተወው አስቤ የጽሕፈት መኪናዬን ከድኜ ሰነበትኩ።

ወንድሜ ሐኪሙ ሲያሰናብተው እህቴ ልትወስደው መጣች። ከሰዓት በረንዳው ላይ ሦስታችን ተቀምጠን ሽሮ የሚሆን አተር እንለቅም ነበር። ማን ተኮሰ ብዬ አልጠየቅኋትም። ያን ቀን የት ነበርሽ ብቻ አልኳት።

«ምነው፣ እዚያው ምንጭ ነበርኩ» አለች። «ከሴቶቹ ጋር ውሃ ስንቀዳ።»

«የመጀመሪያውን ተኩስ ሰማሽው?»

ወንድሜ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እሷ ግን አተሩን መልቀሟን አላቋረጠችም።

«ማን ልብ ይለዋል እትዬ? ገብሱ አሽቶ የለ፤ ዝንጀሮ የሚያባርር መስሎን መቅዳታችንን ቀጠልን። እንዲያውም አንዷ ‹ዝንጀሮው እንኳ በዚህ ሰዓት አርፏል፣ የማን ባል ነው የማያርፈው› ብላ አሳቀችን። ሲደግም ነው ደንግጠን እንስራ ያወረድነው።»

ከዚያ ሌላ ወሬ ተነሳ።

በማግስቱ ጠዋት እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ቀርቼ ጻፍኩ። ምዕራፉ አሁን ከምንጩ ይጀምራል። ሴቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፤ ከላይ አንድ ጥይት ይጮሃል፤ ስለ ዝንጀሮ ይቀልዳሉ። ከሁለተኛው በኋላ ነው አንባቢው ወደ ዳገቱ ወጥቶ ከድንጋዩ ሥር የሚተኛው። እዚያ ሲደርስ ሁለቱም ወገን እየተኮሰ ነው። ከድንጋዩ ሥር የተኛውም ሰው ማን እንደጀመረ አይጠይቅም፤ የሚያስበው ስለ ቀሩት ጥይቶች ነው።

ሲመለሱ አነበብኩላቸው። ወንድሜ የታሸገው ዓይኑ ተገልጦለት ነበር፤ እያነበብኩ ሳለ እጆቹን እንጂ እኔን አላየም። ሰውየው ወድቆ ጓደኞቹ ገና ሳያውቁለት የሚቆይበት ቦታ ላይ እህቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። ሟቹ የባሏ ወንድም ነው። አላቆምኩም።

ስጨርስ «ይሄ ይሰጠኛል?» አለች።

«ምን ልታደርጊው?»

«ትልቁ ልጄ ያንብበዋ። የአያን ልጆች እጠራቸዋለሁ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይስሙት።» ነጠላዋን ከአፏ አወረደች። «አባታቸውም ባለበት።»

ባሏ ማለቷ ነው። ወንድሜን አየሁት። ትናንት በረንዳው ላይ የፈሰሰ አተር ጎንበስ ብሎ ለቀመና ወደ ሰፌዱ መለሰው።

«ስትጠሪያቸው እኔንም ጥሪኝ» አላት።

ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል አስተካክዬ፣ እንዳይታጠፉ ካርቶን መሃል አድርጌ ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከወንድሜ መድኃኒት ጋር አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው።